መቀስ በእናት በኩል

በእኛ ቤት መቀስ የሚወረሰው በእናት በኩል ነው። ቤት ስል የልብስ ስፌት ቤታችንን ነው፤ ከታች እንሰፋለን፣ ከላይ እንተኛለን፣ ስለዚህ ሁለቱን ለይተን አናውቃቸውም። የአያቴ አያት የመጀመሪያውን የሙሽራ ቀሚስ ቆርጣ ስትጨርስ መቀሱን ለሴት ልጇ ሰጠች፤ እሷም ለሴት ልጇ፤ እንዲህ ብሎ አያቴ እጅ ገባ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በትልቁ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ መቁረጥ የሚፈቀድላት የዚያች ሴትዮ ደም፣ ያውም በሴት በሴት የመጣ ደም ያላት ብቻ ናት። ሌላው ይሰፋል፣ ይዘመዝማል፣ ይተኩሳል። ሕጉን ማን አወጣው ብሎ የጠየቀ ሰው መኖሩን አልሰማሁም።

እኔ የአያቴ የወንድ ልጇ ልጅ ነኝ። እጄን ሁሉም ይወደዋል፤ ደሜ ግን በተሳሳተ በር የገባ ነው።

ሆድ ብሶኝ ነው እንዲህ የምናገረው፣ አልዋሽም። የአያቴ ዓይን ከደከመ ወዲህ ጨርቁን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ደንበኛ ሲኖር እሷ ከጠረጴዛው ራስጌ ቆማ መቀሱን በክብር ትይዛለች፤ ደንበኛዋ ከበሩ ስትወጣ መቀሱ ወደ እኔ ይመጣል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አያቴ "ከእንግዲህ መቀሱ የእሷ ነው" ብላ በሰው ፊት እንድትሰጠኝ። ካልሰጠችኝና ለሌላዋ ካለፈ ተመልሼ ጠርዝ ስዘመዝም ልኖር ነው።

ሌላዋ የአክስቴ ልጅ ናት። አክስቴ ለአያቴ አንዲት ሴት ልጅ ነበረች፤ አርፋለች፣ ነፍሷን ይማርና ይህችን ትታልን ሄደች። እኛ "ሰርተፍኬት" እንላታለን። በደንበኛ አያያዝ፣ በጊዜ አጠቃቀም፣ በአበባ አደራደር፣ ደግሞም "በሴቶች የመሪነት ክህሎት፣ ደረጃ ሁለት" ወረቀት አላት፤ ሁሉንም በመስታወት አስገብታ ስለሰቀለች የልብስ መለኪያ ክፍላችን የጥርስ ሐኪም ቤት ይመስላል። የመቁረጥ ብቻ የላትም። አንድ ጊዜ አያቴ ታማ፣ እኔም ለለቅሶ ሄጄ ሳለሁ አንድ ቬሎ ቆርጣ ሁለቱም እጅጌ የግራ ሆኖ ተገኘ። ሙሽራዋ ቀኑን ሙሉ ቀኝ እጇን እንደ ትራፊክ ፖሊስ አንስታ ተዳረች።

እናቴም አለች። እናቴ ለአያቴ ምራት ናት። አባቴ ከሩቅ አገር አግብቶ አመጣት፤ ለዚህም በቤቱ ውስጥ ስሟ "የመጣችው" ሆኖ ቀረ። አባቴ ሲያርፍ ወዴትም አልሄደችም። ሰላሳ ዓመት ሙሉ መስኮቱ ሥር አጭር ወንበር ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ብዙም አታወራም፣ ዝም አይነቅዝም ባይ ናት። አንድ ደንበኛ "እሳቸውስ?" ብሎ ከጠየቀ "እሷ ቁልፍ ነው" ብለን ወደ ጉዳያችን እንመለሳለን።

ነገሩን የቀሰቀሰችው አንዲት የሙሽራ እናት ናት። ልጇን ይዛ ገባችና ሰርተፍኬት ገና "እንኳን ደህና መጡ" ብላ በኮርስ የተማረችውን ፈገግታ ሳትጨርስ፣ "ቆራጯን ጥሪልኝ" አለቻት።

"የትኛዋን?"

"ቀጭኗን። ቁጡዋን።"

እኔን ማለቷ ነው። ሰርተፍኬት ፈገግታዋን እንደያዘች ጠራችኝ፤ ሴትዮዋ ልጇን አስለክታ እንደወጣች ግን ፈገግታውን አጥፍታ አያቴ ላይ ዞረች።

"እማማ፣ መቀሱን ለእሷ ልትሰጪ ነው እንዴ?"

"ማን አለ?"

"ሰው ሁሉ ቆራጯ እሷ ናት እያለ አይደል?"

"እኔስ የልጅ ልጇ አይደለሁም?" አልኩ። "አንድ ደም ነን።"

"አንድ ደም አይደለንም" አለች፣ ስልኳን ከኪሷ እያወጣች። "በሳይንስ አይደለንም። ዲኤንኤ ላይ ከእናት ብቻ የሚወረስ ክፍል አለ። ወንድ ልጅ ከእናቱ ይወስደዋል፣ ለልጆቹ ግን አያሳልፈውም። አጎቴ የእማማን ወስዷል፤ ለአንቺ አልሰጠሽም። ያንቺ የእናትሽ ነው። ከፈለግሽ ምራቅ ሰጥተን እናረጋግጥ።"

አያቴ እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። "አየሽ!" አለች። "የኔ አያት ይህን ያወቀችው ያለ ምንም ምራቅ ነው። ሳይንስ ገና አሁን ደረሰባት።"

በዚያ ሰሞን ሬዲዮው ከዜና ይልቅ ስለዚህ ምርመራ ነበር የሚያወራው። "እናትህ ማን ናት? እናቷስ? የእናቷስ እናት?" የሚል ማስታወቂያ በየሰዓቱ ይለቀቃል። አገሩ በሙሉ ጉንጩን በእንጨት እየፋቀ ይልክ ነበር። ለሦስት ሰው ለከፈለ አራተኛው በነፃ። ሰርተፍኬት ለአያቴ፣ ለራሷና ለእኔ ከፈለች። ለእኔ የከፈለችው ባዳነቴ በወረቀት እንዲመጣላት ነው፤ የሰው ጥላቻ እንዲህ ሲከፍል ደስ ይላል። አራተኛው እንጨት እንዳይባክን ለእናቴ ተሰጠ።

"እኔ ምን ያደርግልኛል?" አለች እናቴ።

"ነፃ ነው" አለቻት ሰርተፍኬት።

እንጨቶቹ በመጡበት ቀን ቤቱ ውስጥ ሰው ነበር፤ ሁለት ደንበኞችና ሐር የሚያመጣልን ጨርቅ ነጋዴ። አያቴ ሰው ስታይ ድምጿ ይጨምራል። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጠቅ አድርጋ፣ "ስሙኝ" አለች። "እኔ ደክሞኛል። ምርመራው የዚህ ዘር ናት ላላት መቀሱን አስረክባለሁ። ደም ይፍረድ።"

"ከአንድ በላይ ቢመጣስ?" አለች ሰርተፍኬት በፍጥነት። ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። ምናልባት መርማሪዎቹ ቢሳሳቱ እንኳ ብላ በሩን መዝጋቷ ነበር። "በዕድሜ የምትበልጠው ትውሰድ በዪ።"

"በዚህ ቤት ከሚሠሩት በዕድሜ ትልቋ ትወስዳለች" አለች አያቴ። "ቃሌ ነው። ነጋዴው ምስክሬ ነህ።"

"ሰምቻለሁ እማማ" አለ ነጋዴው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ አያቴ ግን በሕይወቷ የተናገረችውን መልሳ አታውቅምና አፋፉ አላስፈራትም።

ከዚያ ወደ ምራቁ ገባን። ሰርተፍኬት መመሪያውን ጮክ ብላ አነበበች፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አለመብላት፣ አለመጠጣት፣ ጥጥ ያለበትን ጫፍ ጉንጭ ውስጥ ማሸት፣ ወደ ቱቦው መክተት። አያቴ የቤቱ አለቃ ናትና እንጨቶቹን የምታድለው እሷ ሆነች። አንዱን አነሳች፣ ከናፍሯ መሃል አስገብታ ጫፉን እርጥብ አደረገችና ለሰርተፍኬት አቀበለቻት። ሁለተኛውን እንደዚሁ አርሳ ለእኔ። ሦስተኛውን ለእናቴ። የቀረውን ለራሷ። እኛም አፋችንን ከፍተን አሸነው።

አንዳችንም "ኧረ!" አላልንም። ምክንያቱ ቀላል ነው። አያቴ ጫፍ ያለው ቀጭን ነገር አግኝታ ሳታርስ አትሰጥም። በዚያ ቤት መርፌ ውስጥ የገባ ክር ሁሉ መጀመሪያ በእሷ አፍ አልፏል፤ እኛም ከሕፃንነታችን ጀምሮ እርጥብ ክር ስንቀበል ነው ያደግነው። እርጥብ እንጨት ስንቀበል ምኑ ይገርመናል?

እንጨቶቹን ከላክን ሰንበት ብሎ ከምርመራው ድርጅት አንዲት ልጅ ደወለች። ሰርተፍኬት ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተችው።

"አራቱንም ናሙና አይተነዋል" አለች ልጅቷ። "በአራቱም ውስጥ የአንዲት ሴት ምራቅ አለ።"

አያቴ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። "አላልኩም! አንድ ዘር!"

"አይ፣ እማማ፣ አንድ ዘር አይደለም። አንድ ሴትዮ። ሌላው ሁሉ ተቀላቅሎ ልንለየው አልቻልንም። ይቅርታ... እንጨቶቹን አፉ ውስጥ ያስገባ ሰው አለ?"

ስፌት መኪናው ቆመ። ሁላችንም አያቴን አየናት። አያቴ ደግሞ በዚያ ደቂቃ ለእናቴ ልትሰጣት ክር ከናፍሯ መሃል ይዛ ነበር። ቀስ ብላ አወጣችውና ቀሚሷ ላይ ጠረገችው።

"እኔ ምንም አላስገባሁም" አለች።

ሁለተኛው ምርመራ በድርጅቱ ቅርንጫፍ ተደረገ። ጓንት ያጠለቀ ሰው ተራ በተራ አፋችንን አስከፍቶ ጉንጫችንን ፋቀ። አያቴ ይህን እንደ ውርደት ቆጠረችው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የሰውን መጠን ስትለካ የኖረች ሴት "ሰፋ አድርጊ፣ ትንሽ ሰፋ" ስትባል በንዴት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ስንወጣ ግድግዳው ላይ የአንዲት ሴት ሥዕል ነበር። ድርጅቱ ለእያንዳንዱ የሴት መስመር አንዲት የጥንት እናት መድቦ ስምና መልክ ሰጥቷታል። ያቺኛዋ "የወንዝ ዳር እናት" ትባላለች፤ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የኖረች ተብላ ቅንድቧ ግን በቅርቡ የተቀነደበ ነው። ሰርተፍኬት ከሥዕሉ ጋር ፎቶ ተነሳች።

ውጤቱ እስኪመጣ እሷ ዝግጅቷን ጨረሰች። ለምስክር ወረቀቱ ወርቃማ ፍሬም አስቀድማ ገዛች። ከበሩ በላይ የሚሰቀል ሸራም አሳተመች፤ "ዘር ከልጓም ይስባል፤ አምስት ትውልድ፣ አንድ መቀስ" ይላል፣ በሥሩም የእሷ ፎቶ መቀስ ይዛ። መቀሱን ለፎቶው ስትይዝ አውራ ጣቷን የሌላው ጣት ቀዳዳ ውስጥ አስገብታዋለች። አይቼ ዝም አልኩ። አንዳንድ ደስታ ለብቻ የሚበላ ነው።

ውጤቱ የሚነበብበት ቀን ግን ለእኔ ቀላል አልነበረም። ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የዚያችን የሙሽራ እናት ሳቲን ዘርግቼ፣ በጠመኔ መስመሩን አስምሬ፣ መቀሱን ብቻ ነበር የምጠብቀው። ይህ ምናልባት የመጨረሻዬ ነው ብዬ አሰብኩ። አለቅሳለሁ እንኳ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እናቴ ከመስኮቱ ሥር አየችኝና "ውሃ ጠጪ" ብቻ አለችኝ።

ሰው ተሰበሰበ። ነጋዴው መጣ፣ ምስክር ነውና ሱፉን ለብሶ። የሙሽራዋ እናት መጣች። ሰርተፍኬት ስልኳን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

"የእማማ ውጤት። የወንዝ ዳር እናት መስመር።"

ተጨበጨበ።

"የእኔ ውጤት። የወንዝ ዳር እናት መስመር።" እዚህ ላይ ራሷ ቀድማ አጨበጨበች። ከዚያ ወደ እኔ አየች፤ የሚያዝን ሰው ፊት ለበሰች፤ የዚህም ኮርስ ሳይኖር አይቀርም። "አሁን የ... የአጎቴ ልጅ ውጤት።"

ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

"አንብቢው እንጂ" አለች አያቴ።

"የወንዝ ዳር እናት መስመር" አለች ሰርተፍኬት በቀስታ።

"ማን?"

"እሷ። እናቷም። አራታችንም።"

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ልደብቀው አልችልም። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ በዕድሜ ትበልጠኛለችና። ሰርተፍኬትም ይህን አስባ ሳይሆን አይቀርም፣ ፊቷ ተመለሰ። ግን ለምስክር ወረቀቷ ብቸኛ መሆን ፈልጋ ነበርና ወዲያው ደወለች። ያችው ልጅ አነሳች።

"ስህተት አለ" አለቻት። "የመጣችው፣ ማለቴ የአጎቴ ሚስት፣ ከእኛ ጋር ምንም አይገናኙም። ከሩቅ አገር ነው የመጡት።"

"ስህተት የለም" አለች ልጅቷ። "ይህ መስመር በጣም የቆየ ነው። በዚህ አካባቢ ሁሉ ሞልቷል። እኔም ራሴ የወንዝ ዳር ነኝ። ኃላፊዬም። ቅድም ዋስትና ሊሸጥልን የመጣውም ሰውዬ።"

"የኔ አያትስ?" አለች አያቴ፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ። "መቀሱን የጀመረችው?"

"እሳቸውም እማማ፣ ከዚያችው ሴትዮ ነው የመጡት። እንደኛው።"

"እንደናንተው?"

"ጠበብ ያለው ዝርዝር ከተፈለገ ሌላ ጥቅል አለን" አለች ልጅቷ። "እስከ ቅርብ አያቶች ድረስ ይለያል። አሁን ቅናሽ ላይ ነው።"

"እንውሰደው!" አለች ሰርተፍኬት።

"አፌን ሁለተኛ ለማንም አልከፍትም!" አለች አያቴ፣ ስልኩንም ራሷ ዘጋችው።

ይህ ሳያንስ ማዶ መጣች። ማዶ ከመንገዱ ባሻገር ያለው ስፌት ቤት ባለቤት ናት። ከአያቴ ጋር በአንድ አንገትጌ ምክንያት፣ ማን ከማን ቀዳ በሚል፣ እኔ ሳልወለድ ጀምረው ሰላም አይባባሉም። እሷም ተመርምራ ኖሮ ስልኳ የመስመር ዘመዶቿን ሲዘረዝርላት የአያቴን ፎቶ አሳይቷታል። ሸራውን ከበራችን ላይ አንብባ፣ መንገዱን ተሻግራ፣ እጇን ዘርግታ ገባች።

"እህት ዓለም! እንዲህ ነው ለካ! እኔ ደግሞ ለምንድነው አንገትጌያችን የሚመሳሰለው እያልኩ ሳስብ ኖሬ!"

"የት ያገኘሻትን እህት?" አለች አያቴ።

"የወንዝ ዳር ነኝ።" ስልኳን አሳየች። ወዲያው ጠረጴዛውን፣ ሰዉን፣ መቀሱን ቃኘች፤ ነጋዴው በጆሮዋ ስለ ቃሉ ሹክ አላት። "በዕድሜ ከሆነማ እኔ እበልጣችኋለሁ።"

"በዚህ ቤት የምትሠራ ነው ያልኩት!"

"ከነገ ጀምሮ እገባለሁ። ለዘመድ ምን ችግር አለው?"

ማዶን ነጋዴውና የሙሽራዋ እናት ግራና ቀኝ ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጧት። አያቴ ትንፋሿን ሰበሰበች። ሰርተፍኬት ጊዜ እንዳያልፍባት ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንዳትጥል የፈራች ይመስላል።

"በቃ እማማ" አለች። "አራታችንም ከሆንን ቃልሽ ይከበር። በዚህ ቤት ከምንሠራው በዕድሜ ትልቋ።" እጇን ዘረጋች።

"ትልቋ" አለ ነጋዴው፣ የምስክርነት ጉሮሮውን ጠርጎ። "ትልቋ እንግዲህ... እሳቸው አይደሉም እንዴ?"

በአገጩ ወደ መስኮቱ አመለከተ።

ሁላችንም ዞርን። እናቴ አጭሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ የአንድ ካፖርት ቁልፍ እየተከለች ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማናችንም አልቆጠርናትም። ውጤቷ ተነብቦ እንኳ አልቆጠርናትም። ሰርተፍኬት ራሷ በነፃ አስመርምራት፣ ራሷ "በዕድሜ የምትበልጠው" አስብላ፣ እጇ በአየር ላይ ቀረ።

አያቴ ቃሏን ማጠፍ አትችልም፤ ነጋዴው ሱፉን ለብሶ ቆሟል። በመጨረሻ ዘዴ አገኘች።

"ምራቴ" አለች። "ነይ ተቀበይ። ያው አንቺ ተቀብለሽ ለልጅሽ ታስተላልፊዋለሽ። ሕጋችን ከእናት ወደ ልጅ ነው።"

እንዴት እንዳማረብን ተመልከቱ! ደሙም አልፈረሰ፣ ቃሉም አልታጠፈ፣ መቀሱም ለእኔ። እጅጌዬን ጠቅልዬ ጠረጴዛው ጎን ቆምኩ። ሳቲኑ ተዘርግቶ፣ መስመሩ ተሠምሮ ይጠብቀኛል። እናቴ ካፖርቱን አስቀምጣ ተነሳች፣ ጉልበቷን አፍታታች፣ መጥታ መቀሱን በሁለት እጇ ተቀበለች። እንዲህ ከባድ መሆኑን አላወቀችም መሰለኝ፣ ትንሽ ዝቅ አለባት።

"በይ ስጪኝ እማዬ" አልኳት፣ እጄን ዘርግቼ።

"ቆይ እስቲ" አለች።

"ምን ልትሠሪበት ነው?"

"ልቆርጥበታ።"

አንድ ሰው ሳቀ፤ ማዶ ሳትሆን አትቀርም። እኔም ፈገግ አልኩ። "እማዬ፣ አንቺ እኮ ቁልፍ ነው..."

"ቁልፉን ማን ሰጠኝ?" አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። ወደ አያቴ ዞረች። "እማማ፣ ያስታውሱ እንደሆነ፣ ወደዚህ ቤት በገባሁ ሰሞን መቁረጥ አስተምሩኝ ብዬዎት ነበር። ደምሽ አይደለም አሉኝ። እሺ አልኩ። ደሜ ካልሆነ ምን አደርጋለሁ? ዛሬ ደሜ ነው አሉ። እንግዲህ ሰላሳውን ዓመት በሙሉ ደሜ ነበር ማለት ነው።"

ከአያቴ በፊት እኔ ነበርኩ አፌን የከፈትኩት።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

እናቴ አየችኝ። ቁጣም አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

"ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

አላውቅም። እኔ በዚያ ቤት ውስጥ የተበደልኩ ብቸኛ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ስንት ዓመት ሙሉ ስለ እጄ፣ ስለ ደሜ፣ ስለ መቀሱ ስጮህ ከመስኮቱ ሥር እየሰማችኝ ቁልፍ ትተክል ነበር። የአያቴን ጭካኔ እየረገምኩ "እሷ ቁልፍ ነው" ስል የኖርኩት እኔው ነኝ። አፈርኩ። ደግሞም ተናደድኩ፣ ምክንያቱም መቀሱን አሁንም እፈልገዋለሁ።

"ለጀማሪዎች ኮርስ አለ" አለች ሰርተፍኬት በቀጭን ድምፅ። "ደረጃ አንድ።"

እናቴ መቀሱን አስተካክላ ያዘች። አውራ ጣቷ በትክክለኛው ቀዳዳ ነው። ከዚያ ያሠመርኩት መስመር ላይ አስጠጋችና መቁረጥ ጀመረች። የመጀመሪያው ስንዝር ደህና ሄደ። ከዚያ እጇ ደከመ፣ መቀሱ ከመስመሩ ወጣ፣ ወደ ወገቡ ገባ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወጣ። የሙሽራዋ እናት እጇን አፏ ላይ አደረገች። አያቴ ዓይኗ ባያይም ጨርቅ ሲበላሽ ድምፁን ታውቃለች፤ ፊቷ ተጨማደደ። እናቴ እስከ ጫፉ ድረስ ቆረጠችው። አንዴም አላቋረጠችም።

ስትጨርስ ግንባሯ በላብ ርሷል። የቆረጠችውን አንስታ አየችው።

"ጠምሟል አይደል?" አለችኝ።

"ጠምሟል" አልኳት።

"በጣም?"

"በጣም ነው እማዬ። ለምንም አይሆንም።"

ጨርቁን አጣጥፋ ወደ ጎን አስቀመጠችው፣ እንደ ሞተ ነገር ሳይሆን እንደ ሥራ። ጠረጴዛውን በመዳፏ ጠረገች። መቀሱን አልለቀቀችም።

"ሌላ ጨርቅ አምጪልኝ" አለች። "መስመሩን ግን ዛሬ ራሴ ነኝ የማሠምረው። አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ስሳሳት ንገሪኝ።"

በሕይወቴ እናቴ አዝዛኝ አታውቅም ነበር። ሄጄ አመጣሁላት።